አርፏል

ስልኩ ሲጮኽ እኅትየዋ የአንድ ጠበቃ ሸሚዝ ኮሌታ እየተኮሰች ነበር። ላውንደሪው ውስጥ እንፋሎቱ፣ የማሽኑ ጩኸትና የባለቤቱ ሬዲዮ ተደራርበው ሰው የገዛ ሐሳቡን እንኳ እንዳይሰማ ያደርጉታል። ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መካከል ወትፋ መተኮሷን ቀጠለች።

«ልጄ» አለች እናቷ፤ ከዚያ ወዲያ የተሰማው ሳግ ብቻ ነው።

«ምንድን ነው እማዬ? ተናገሪ እንጂ!»

«ወንድምሽ አረፈ። አሁን ከሆስፒታል ደወሉልኝ።»

«ምን አሉሽ? ያሉሽን ቃል በቃል ንገሪኝ።»

«አርፏል አሉኝ። ይህ ደግሞ ስንት ቃል አለው?»

ካውያው ኮሌታው ላይ እንደ ተቀመጠ ቀረ። ባለቤቱ «ኧረ የሰው ሸሚዝ!» እያለ ሲሮጥ እሷ ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ከበሩ ወጥታለች።

ጎረቤታቸው የታክሲ ሹፌር ነው። እናትየዋን ከኋላ አስቀምጦ መጥቶ ከመንገዱ ዳር አፈሳት። መኪናው ውስጥ እናትየዋ ደረቷን ስትደቃ እኅትየዋ ግን እንባ አልወጣትም። የወጣው ንዴት ነው። በሐኪሞቹም፣ በወንድሟም፣ በራሷም ተናደደች፤ በራሷ ይብስ ነበር።

ወንድሟ ኤሌክትሪክ ሠሪ ነው፤ ሰፈሩ «ሽቦ» ይለዋል። ከጥቂት ወራት ወዲህ እንቅልፍ እምቢ አለው። ግድግዳው ውስጥ ያሉት ሽቦዎች ስሙን እየጠሩ ይንሾካሾካሉ ብሎ የቤቱን ሶኬት አንድ በአንድ ነቀለ። እናትና ልጅ በሻማ ማምሸት ጀመሩ፤ ሻማው መጋረጃውን በላ። «ሌላው ሰው ኤሌክትሪክ ሠሪ ቤቱ ስላለው መብራት አያጣም፤ እኛ ኤሌክትሪክ ሠሪ ስላለን ጨለማ ውስጥ ተቀመጥን» ትላለች እኅትየዋ፤ ሳቋ ግን ከጥርስ አያልፍም።

በመጨረሻ ሰኞ ዕለት በገዛ እግሩ የአእምሮ ሆስፒታል ልሂድ አለ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። ከዚህ በፊት ሲያመው እዚያው አንቀው ይዘው በግድ ወግተውት ነበር፤ ከዚያ በወጣ ጊዜ ክረምቱን ሙሉ ጠፍቶ አውቶቡስ ተራ ተኝቶ ነው የተገኘው።

«በግድ አይወጉኝም በይኝ።»

«አይወጉህም።»

«እስቲ ማይልኝ።»

«እማዬ ትሙት!»

«ከዋሸሽኝ ግን እትዬ፣ ሁለተኛ አላምንሽም። ስወጣም እናንተ ጋ አልመጣም፤ እግሬ ወደ መራኝ ነው የምሄደው።»

እሷም ይህንኑ ለሐኪሙ ነገረችው። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። ሐኪም ራሱን ሲነቀንቅ እሺ ማለቱ ይሁን አንገቱ ደክሞት አይታወቅም።

የሆስፒታሉ በር ላይ ዘበኛው እጁን ዘረጋ። «የጥየቃ ሰዓት አልደረሰም።»

«ሰውየው ሞቷል እኮ!» አለ ሹፌሩ። «ሙት የሚጠየቅበት ሰዓት አለው እንዴ?»

ዘበኛው ትንሽ አሰበ። «ሞቶ ከሆነ በዚህ አይደለም፤ በኋላኛው በር ነው።»

እናትየዋ ይህን ስትሰማ የለቀቀችው ጩኸት በሩን ራሱ ከፈተው። ዘበኛው እንኳ ባርኔጣውን አውልቆ ወደ ጎን አለ።

የክፍሉ በር ከውስጥ የሚቆለፍ፣ የእጅ መዳፍ የምታህል መስተዋት ያለችው ብረት ነው። እኅትየዋ በሁለት እጇ ደበደበችው። የከፈተችላቸው ነርስ ጣቷ በፋሻ የተጠቀለለ፣ ዓይኗ በድካም የቀላ ሴት ናት። ሦስቱንም አየቻቸውና ግራ ገባት።

«ምን ሆናችሁ? ማን ሞተ?»

«ልጄ!» አለች እናትየዋ። «ሬሳውን አሳዩኝ!»

«የምን ሬሳ? ልጅዎ ተኝቷል፤ ደውዬ ነግሬዎት የለም?»

«አርፏል ነዋ ያልሽኝ!»

«አዎ፣ አርፏል። ሲጮኽ አድሮ፣ ሲጮኽ አርፍዶ፣ መርፌውን ሲያገኝ አረፈ። ታዲያ ምን ልበል?»

እናትየዋ አግዳሚው ላይ ዘፍ ብላ የልቅሶና የሳቅ ድብልቅ ውስጥ ገባች። ሹፌሩ ግድግዳ ተደግፎ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ተመስገን! መርፌ ብቻ ነው! እኔ እኮ ለቀብር ሰው ልጠራ ስልክ አውጥቼ ነበር!» ነርሷም ሳቀች። ኮሪደሩ ሠርግ ቤት መሰለ።

እኅትየዋ ብቻ አልሳቀችም። ወንድሟ አልሞተም፤ ደስ ብሏታል። ሆኖም ደስታውን ገና ሳታጣጥመው ሌላ ነገር ተከተለው።

«መርፌ ነው ያልሽው? ፈልጎ ነው የተወጋው?»

«ፈልጎ ቢሆንማ ይህ ጣት ምን አገኘው ትያለሽ?» ነርሷ ፋሻውን አሳየቻት። «ነክሶኝ ነው። ሶኬት ሊነቅል አልጋ ላይ ወጥቶ፣ ውረድ ብለው እምቢ አለ። የሌሎቹን በሽተኞች እንቅልፍም ነሳ።»

«እኔ ለሐኪሙ ተናግሬያለሁ። በግድ አይወጋም፣ ከቸገራችሁ ጥሩኝ፣ እኔ አባብለዋለሁ ብያለሁ። ማን ፈቀደ?»

«እናቱ ናቸዋ።»

እናትየዋ እንባዋን ስትጠርግ እጇ ፊቷ ላይ ቀረ። «እኔ?»

«ጠዋት ደውዬ አልጠየቅኩዎትም? ‹ልጅዎ አላርፍ ብሏል፤ እንዲያርፍ እናድርገው ወይ?› ስልዎት፣ ‹አዎ ልጄ፣ ይረፍልኝ፤ እንቅልፍ ካየ ስንት ጊዜው› አላሉኝም?»

«እኔ እኮ እንዲተኛ ብዬ ነው!»

«ተኛ እኮ።»

እኅትየዋ ጣሪያውን አየች። ጠዋት ይረፍ ያለችው እናት ከቀትር በፊት አረፈ ብላ ታለቅሳለች፤ ነርሷም ሁለቱን ጊዜ ያለ ሐሰት ተናግራለች። የምትጣላው ሰው ቸገራት።

«ስንት ሆናችሁ ያዛችሁት?»

«እንደ አሠራሩ ነው።»

«አሠራሩ ስንት ሰው ነው? እጁን ብቻ ነው ወይስ አንገቱንም? አስራችሁታል?»

«እኅቴ፣ እባክሽ አርፈሽ ተቀመጪ። ጩኸት ክልክል ነው።»

«አርፈሽ ተቀመጪ!» አለች እኅትየዋ። «እኔንም ልታሳርፊኝ ነው?»

ሹፌሩ ክንዷን ያዝ አደረጋት። «ተይው በቃ። በሕይወት አለ አይደል? ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ?»

ይህ ነበር ያንገበገባት። ከሞት ጋር ሲተያይ ሁሉ ነገር ትንሽ ሆኖ አረፈው። ሰው ተጨፍልቆ ቢወጋም «ተመስገን» ይባላል። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ወደ ነርሷ ዞረች።

«ሁለተኛ እማዬ ጋ እንዳትደውሉ፤ እኔ ጋ ደውሉ። ስትደውሉም ‹እንዲያርፍ› አትበሉኝ። ‹ይዘን፣ አስረን፣ እንውጋው ወይ› ብላችሁ ጠይቁኝ።»

ነርሷ ከልቧ ገረማት። «እንዲያ ብለን ከጠየቅንማ ማን እሺ ይለናል?»

«እኮ!»

ነርሷ ፋሻዋን አጠባበቀችና፣ «ማታ የሚሰጠው ክኒን አለ» አለች። «በፈቃዱ ከዋጠ መርፌው ይቀራል። ሲነቃ ግቢና አነጋግሪው። እኔም ብሆን መነከስ አምሮኝ አይደለም።»

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነቃ። እናትና ልጅ ገቡ። ከንፈሩ ደርቋል፤ ምላሱ የሰው ይመስል አልታዘዝ ብሎታል። አንጓዎቹ ላይ የማሰሪያው ጨርቅ ቀይ ቀለበት ትቷል። እናትየዋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አንጓውን ልታሻሽለት ስትል ቀስ ብሎ ወደ ራሱ ሰበሰበው።

«እትዬ፣ አንቺ ነሽ እሺ ያልሻቸው?»

እኅትየዋ እናቷን አየች፤ እናትየዋ ወለሉን። እኔ ነኝ ብትል እናቷን ታድናለች፤ ወንድሟን ግን ለሁለተኛ ጊዜ ትዋሸዋለች። የሰው ሁሉ ቃል ሲጠማዘዝ የዋለበት ቀን ነው፤ በዚያ ላይ የራሷን ልትጨምርበት አቅም አነሳት።

«እማዬ ናት» አለች። «‹ይረፍ ወይ› ብለው በስልክ ቢጠይቋት፣ መተኛት መስሏት አዎ አለች። እኔ አላወቅሁም። ባውቅ አልፈቅድም ነበር።»

የሽቦ ደረት ይርገበገብ ጀመር፤ እየሳቀ ነው። «በእማዬ ማልሽልኝ፤ እማዬ አስወጋችኝ። ጎበዝ! እኔ ነኝ አሉ እብዱ።»

«ልጄ፣ ዓይኔ ይጥፋ ካወቅሁ» አለች እናትየዋ።

«አትማሉ በቃ! ሁለታችሁም እንዳትምሉብኝ።»

እኅትየዋ ክኒኑን ነገረችው። ከዋጠ መርፌ እንደሌለ፣ ማንም እንደማይነካው፣ እሷ እዚያው እንደምትቆም። አልተከራከረም። ያን ሁሉ ለሶኬት የታገለ ሰው «እሺ» ሲል መስማቷ ከእምቢታው ይልቅ አስደነገጣት።

«ስትወጣ ቤት ትመጣለህ አይደል?»

«እንጃ።»

ነርሷ ክኒኑን በትንሽ የፕላስቲክ ብርጭቆ ይዛ ገባች። ራሱ ተቀበላት፣ ራሱ ውኃውን አነሣ፣ ዋጠ።

«አፍህን ክፈት» አለች ነርሷ። «ምላስህን ወደ ላይ። ወደ ጎን። ጎበዝ።» ሄደች።

ሽቦ ግን አፉን አልዘጋም። ፊቱን ወደ እኅቱ አዞረና፣ እሷም እንደ ነርሷ ልትፈትሸው የቆመች ይመስል፣ እንደ ከፈተው ቆየ፤ ምላሱን ወደ ላይ፣ ከዚያ ወደ ጎን።

«እኔ ክፈት አልኩህ? ዝጋው እንጂ!»

አልዘጋም። ዓይኖቹን ዓይኖቿ ላይ ተክሎ ጠበቀ። እናትየዋ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ መስኮቱ ዞረች። እኅትየዋ ልትቆጣ አሰበች፣ ልትወጣ አሰበች፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ የወንድሟን ባዶ አፍ አየች።

«አየሁ» አለችው።

ያኔ ዘጋው።