የበሬ ራስ ያለው መልእክተኛ

ልብስ ሰፊዋ ሴትዮ ሲኒማ ቤት የገቡት ለምራታቸው ብለው ነበር። ምራቲቱ ቻይናዊት ናት። ባሏ፣ የሴትዮዋ ልጅ፣ የከባድ መኪና ሾፌር ነውና ለሥራ ርቆ ሄዷል። እሷም ወሯ ገብቶ ቤት መዋል ሰልችቷታል።

«እማዬ፣ አያቴ የምትነግረኝ ተረት ፊልም ሆኖ መጥቷል። በሳቅ ነው የምንሞተው!» ስትላቸው እሺ አሉ። «የምንሞተው» ማለቷን ግን አልወደዱትም። ብቸኛዋ ሴት ልጃቸው ማዋለጃ ክፍል እንደ ገባች ቀርታለች።

መብራቱ ጠፋ። ነፍስ አስረው የሚወስዱ ሁለት የሞት መልእክተኞች ሰንሰለት ይዘው ብቅ አሉ፤ አንዱ የበሬ ራስ፣ ሌላው የፈረስ ፊት አለው። በሬው የገዛ ሰንሰለቱ ጠልፎት በአፍጢሙ ተደፋ፤ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ፈረሱ ቤት ተሳስቶ የጎረቤቲቱን በር ሲያንኳኳማ ምራቲቱ ወንበሩን እየደበደበች ሳቀች።

ሴትዮዋ ክው አሉ። «ተሳሳተ እኮ!» አሉ በሹክሹክታ። «ያቺ ምስኪን ምን አደረገች?»

«ለዚያ እኮ ነው የሚያስቀው፣ እማዬ። የሙታን አገርም ቢሮ አለው፤ ሠራተኞቹ ደግሞ እንቅልፋሞች ናቸው።»

«እና ማን ይመልሳታል?»

ምራቲቱ ወደ ፊት አጎነበሰች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ገና የምትስቅ መስሏቸው ነበር፤ ወዲያው ጣቶቿ ክንዳቸውን እንደ ጉጠት ጨመደዱት።

«እማዬ… እንሽርት ውሃዬ ፈሰሰ።»

ሴትዮዋ ብድግ አሉ። ፊልሙ ላይ በሬው በሩን ገንጥሎ ሲገባ ሰዉ ያጨበጭባል። ሴትዮዋ ምራታቸውን አስቀድመው፣ ከኋላ በካፖርታቸው ጋርደው ወደ መውጫው ገፏት።

«ዞረሽ እንዳታዪ!»

«ፊልም እኮ ነው፣ እማዬ።»

«ይሁን፤ አትዪ!»

ታክሲ ውስጥ ሳቋ ጠፋ። «ፈራሁ» አለች። «እዚህ ማንም የለኝም።»

«እኔ ታዲያ ጨርቅ ነኝ?» አሉ ቆጣ ብለው።

ማዋለጃው ጋ ሲደርሱ «ከዚህ ወዲያ አይገባም» ተባሉ። መቀመጥ አቃታቸው። በኮሪደሩ ኮቴ በሰሙ ቁጥር በሩን በጀርባቸው ይዘጉታል።

«እናቴ፣ ሐኪሙን ያሳልፉት እንጂ» ብሎ ጥበቃው ለመናቸው።

«መጀመሪያ መታወቂያውን ያሳየኝ! የማን ቤት እንደ መጣ በምን አውቃለሁ?»

ሐኪሙ ግራ ገብቶት መታወቂያውን አወጣ። ፊቱን ከፎቶው፣ ፎቶውን ከፊቱ አስተያይተው አሳለፉት።

መሸት ሲል አዋላጇ ወጣች። «እንኳን ደስ ያለዎት፤ ሴት ናት።»

«እናትየዋስ?»

«ደህና ናት።»

«በዓይኔ ልያት።»

አስገቧቸው። ምራቲቱ ከንፈሯ ደርቆ፣ ሕፃኗን ደረቷ ላይ አስተኝታ አንገቷን ቀና አደረገች። ሴትዮዋ ተጠጉ። እጃቸውን በብርድ ልብሱ ሥር ሰደው የምራታቸውን እግር ያዙ። ይሞቃል። ነርሷ ወንበር ብታመጣላቸውም አልለቀቁም።