ሃያ ሦስት ኪሎ ዒላማ

ሞንትቤሎ በሚባለው ሰፈራችን ውስጥ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ሁሉ ዕቃውን የሚያሳስረው እኔ ዘንድ ነው። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው። አየር መንገዱ ለአንድ ዕቃ ሃያ ሦስት ኪሎ ይፈቅዳል፤ የእኔ እጅ ያሰረው ደግሞ ሃያ ሦስት ከሆነ ሃያ ሦስት ነው። ልብሱን ጠቅልዬ፣ በጉልበቴ ተጭኜ፣ አየሩን አስወጥቼ፣ በፕላስተር ደራርቤ ስጠፍረው ድንጋይ ይሆናል። ወዳጄ ሀይለማርያም «ውድነህ ያሰረውን ጉምሩክም አይፈታው» ይላል። ይኸው ሙያዬ ጉድ እንደሚያፈላብኝ ግን ማን ነገረኝ?

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ሰኔ በማኅበራችን ፒክኒክ ላይ ነው። ቶምቦላ ነበረ። አንደኛው ዕጣ ቴሌቪዥን፣ ሁለተኛው ብስክሌት፣ ሦስተኛው አንድ የአደን ዕቃ ነጋዴ የለገሰው ክሮስቦው። በሕይወቴ ዕጣ ወጥቶልኝ አያውቅም፤ ሲወጣልኝ ክሮስቦው ወጣልኝ። ቀስትና ጠመንጃ ተጋብተው የወለዱት የሚመስል ነገር ነው፤ እንደ ጠመንጃ ትከሻ ላይ ይደገፋል፣ ቃታም አለው፣ የሚወረውረው ግን አጭር ፍላጻ ነው። ኤርፖርት ሰው የማመላልስ ሹፌር ነኝ፤ እኔና ፍላጻን ምን አገናኘን? ባለቤቴ ብርቅነሽም ገና ሳታየው «ሽጠው!» አለች።

ልሸጠው ነበር። ልጄ ሔቨን ከስልኳ ቀና ባትል ኖሮ እሸጠው ነበር።

ሔቨን አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ከአንድ ዓመት ወዲህ ለእኔ የምትመልስልኝ አንዲት ቃል ብቻ ናት። ትምህርት እንዴት ነበር? «ፋይን።» ምሳ በላሽ? «ፋይን።» ታመሽ ነበር፣ እንዴት አደርሽ? «ፋይን።» በሚቀጥለው ዓመት ኮሌጅ ገብታ ቤቱን ትለቃለች፤ እኔ ደግሞ ልጄን በቅጡ ሳላውቃት ልትሄድብኝ ነው እያልኩ ቀን ከሌት እሰጋ ነበር። ያን ቀን ግን ክሮስቦውን አየች፣ እኔን አየች፣ «ዳዲ፣ ልሞክረው?» አለችኝ። በአማርኛ! በአውሮፕላን ለውጠኝ ቢሉኝ ከዚያ በኋላ አልለውጠውም።

ከአውሮራ ከተማ በስተምሥራቅ፣ ቤቱ አልቆ ሣሩ በሚጀምርበት አካባቢ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰበሰብ የተኳሾች ክለብ አለ። ሆስፒታል ውስጥ የሚሠራ፣ አደን የሚወድ ናቲ የሚባል ወጣት አስገባን። የክለቡ ደንብ አጭር ነው፤ ሜዳው የእኛ፣ ዒላማው የራስህ።

መጀመሪያ ካርቶን ደራርቤ ወሰድኩ። የሔቨን ፍላጻ ካርቶኑን ሰላም ሳይለው አልፎ ሣሩ ውስጥ ገባ፤ ግማሽ ሰዓት አጎንብሰን ስንፈልግ ቆየን። እንደ ሌሎቹ አባቶች ባልናደድ ምን ይገርማል? ልጄ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አጠገቤ ነበረች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከፎም የተሠራ ርካሽ ዒላማ ገዛሁ። እሱ ፍላጻውን ያዘ፤ ያዘና አልለቅም አለ። ለካ ፍላጻው ሲገባ ከፍጥነቱ የተነሳ ፎሙ ይግልና ይጣበቅበታል። እኔ እግሬን ዒላማው ላይ ተክዬ ስጎትት፣ ሔቨን ወገቤን ይዛ ስትጎትት፣ ፍላጻው ድንገት ለቀቀንና ሁለታችንም በጀርባችን ተዘረርን። ሔቨን ሣሩ ላይ ተጋድማ ሳቀች። ያን ሳቅ ከሰማሁት ዓመት አልፎኝ ነበር፤ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

በሦስተኛው ቅዳሜ የፎሙ መሐል ተቦርቡሮ ወዲያ ማዶውን ማየት ተቻለ። እየተመለስን መኪና ውስጥ ሔቨን፦

«ዳዲ፣ ሲንየር፣ የመጨረሻ ዓመቴ እኮ ሊጀምር ነው» አለች። «አፕሊኬሽን አለብኝ፣ ኤሴይ አለብኝ። አንድ ዒላማ ብቻ ግዛ፣ ኦኬ? እሱ ሲሞት ዊ አር ደን፤ ቅዳሜ የለም።»

«ሲሞት?»

«ሲያልቅ። ዲል?»

ሌላ አባት ቢሆን «ልጄ፣ ያለሽኝ ቅዳሜ ብቻ ነው፣ አትውሰጂብኝ» ይል ይሆናል። እኔ ኩሩ ነኝ፤ ልጁን ለመነ ከምባል ምላሴ ቢቆረጥ ይሻለኛል። «ዲል» ብዬ ተስማማሁ። በሆዴ ግን የማይሞት ዒላማ ካላገኘሁ ውድነህ አልባልም ብዬ ማልኩ።

ናቲን ደወልኩለት።

«ጋሽ ውድነህ፣ ሁለተኛ ፎም እንዳይገዙ» አለኝ። «ለእርስዎ የሚበጀው ከረጢት ነው። ጠንካራ ከረጢት ፈልገው ቡትቶ ይጠቅጥቁበት። ፍላጻ የሚያቆመው ውፍረት ብቻ እንዳይመስልዎ፣ ጥብቀት ነው። ከላላ ያልፋል። ከጠበቀ ይይዘዋል፤ ሲያወጡትም በሁለት ጣት ይወጣል። ዝናብ ብቻ አያስመቱት እንጂ ዓመት ያገለግልዎታል።»

ጥብቀት! ለማን ነው የሚነግረው?

የዚያን ሳምንት ሀይለማርያም ቅዳሜ ወደ አዲስ አበባ ሊበር ነበር። ብርቅነሽ ሊትልተን ከተማ አረጋውያን ከምትንከባከብበት ቤት በወጣች ቁጥር ሱቅ እየገባች፣ አዲስ አበባ ላለችው እህቷ ለፀሐይ ስድስት ወር ሙሉ ዕቃ ስታጠራቅም ነበር። ለሦስቱ ልጆች ጃኬት፣ ሁለት ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ፎጣ፣ ለፀሐይ ባል ሱፍ ኮት። ዓርብ ከሰዓት ጋራዥ ውስጥ ሁሉንም ነጭ ማዳበሪያ ውስጥ ጠቅጥቄ አሰርኩት። ሚዛን ላይ ሳወጣው ሃያ ሦስት ኪሎ።

እጄ ስለሞቀ እዚያው ዒላማዬን ቀጠልኩ። ሁለተኛ ነጭ ማዳበሪያ አመጣሁ። የተቀደደ መጋረጃ፣ አሮጌ አንሶላ፣ ጓደኛው የጠፋ ካልሲ፣ ብርቅነሽ «ይህን ለብሰህ ከእኔ ጋር አትሄድም» ብላ የፈረደችበት ሱሪዬ፣ ሁሉም ገባ። ልማድ ነውና ሚዛን ላይ አወጣሁት። ሃያ ሦስት ኪሎ። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳቆማቸው መንታ መሰሉኝ፤ በሥራዬ ኮራሁ።

«የፀሐይን ስም ጻፍበት!» አለች ብርቅነሽ ከወጥ ቤት።

«ማርከሩ መኪና ውስጥ ነው፤ ጠዋት እጽፈዋለሁ!» አልኳት።

ጠዋት ሔቨን ቀድማኝ መኪና ውስጥ ገብታ ጥሩምባ ነፋች። ለመሄድ የቸኮለችው እሷ ናት! ከዚያ በኋላ ማርከር ማን ያስታውሳል? በደስታ ሰክሬ አንዱን ማዳበሪያ አንስቼ መኪናው ውስጥ ወረወርኩና ከነፍኩ።

ሜዳው ላይ በማርከር ክብ ሣልኩበትና ጀመርን። እንዲህ ያለ ዒላማ በዓለም የለም! ፍላጻው «ድም» ብሎ ይገባል፣ እዚያው ይቆማል፣ በሁለት ጣት ይወጣል። ናቲ መጥቶ በጡጫው ደበደበውና «ይሄ የት ነው የተገዛው?» አለ። «በእጅ የተሠራ ነው» አልኩት፣ ደረቴን ነፍቼ። ስድሳ ያህል ፍላጻ ሰደድንበት፤ ሔቨን አብዛኛውን መሐል ለመሐል አገባችው። በየመሐሉም ታወራኛለች። ስለ ጓደኛዋ ስለ አቢጊያ አወራችኝ፣ ምህንድስና መማር እንደምትፈልግ ነገረችኝ፣ ሩቅ ስለመሄድ ስታስብ እንደምትፈራም ነገረችኝ። እኔም እንደምፈራ ልነግራት ፈልጌ «ክንድሽን ዝቅ አድርጊ» አልኳት።

ቤት ስንደርስ ሀይለማርያም ዕቃውን ወስዶ ሄዷል። «ገና ሲያነሳው ‹ድንጋይ ነው፣ የውድነህ እጅ ነው› ብሎ ሳቀ» አለች ብርቅነሽ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ይታያችሁ፣ አብሬ ሳቅሁ።

ማክሰኞ ጠዋት ፀሐይ ደወለች። ብርቅነሽ እጇ እርጥብ ስለነበር ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው።

«ብርቄ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ዕቃው ደርሶናል» አለች ፀሐይ፤ ድምፅዋ ግን ቅር ያለው ነበር። «ብቻ… ካልሲዎቹ አንድ አንድ እግር ናቸው።»

ብርቅነሽ ውሃውን ዘጋች።

«መጋረጃውንም ለአንድ ነገር እናደርገዋለን። ሱሪውን ባለቤቴ ለካው… ጉልበቱ ተቀድዷል። እዚያ ፋሽን ነው እንዴ?»

ብርቅነሽ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ወደ ጋራዡ በር ዞርኩ። ሁለታችንም በአንድ ጊዜ ተነሣን፤ እሷ ግን መቀስ ይዛለች።

ማዳበሪያውን ስትቀደው መጀመሪያ የወጣው የትንሹ ልጅ ጃኬት ነው። ወደ መስኮቱ አነሣችው፤ ብርሃን በአምስት ቦታ አለፈበት። ቀጥላ ብርድ ልብሱን ዘረጋችው። ታጥፎ የተወጋ ብርድ ልብስ አንድ ቀዳዳ ብቻ ያለው እንዳይመስላችሁ፤ ሲዘረጋ ስምንት ይሆናል። በስድሳ አባዙት።

«አንተ ሰውዬ! የእህቴን ልጆች ጃኬት ተኮስክበት?»

«እኔ ብቻ አይደለሁም» አልኩ፤ ሰው ሲጨነቅ የማይለው የለም። «መሐሉን የመታችው ሔቨን ናት።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ እኔ ሁለቱንም ጣልኩ። ፀሐይ ዘንድ ደውዬ እግሯ ላይ ወደቅሁ። ሳቋ አላስወራት ብሎ ስልኩን ለባሏ ሰጠችው፤ እሱም ሳቀ። ሁሉንም ከኪሴ በአዲስ ተክቼ በሚቀጥለው መንገደኛ ልልክ ቃል ገባሁ። ይህኛው ዕዳ ቀላል ነበር። ያልቀለለው ሌላው ነው። ሔቨን በሩ ላይ ቆማ ባዶው ማዳበሪያ ጋራዡ ወለል ላይ ተልፈስፍሶ ሲወድቅ አየችው።

«ኦ» አለች። «ሶ… ሞተ።» ወደ ክፍሏም ተመለሰች።

የፈሩት ይደርሳል። እንደገና እሞላዋለሁ ማለት እችል ነበር፤ ግን አንድ ዒላማ ብቻ ብለን ተስማምተናል፤ ቃል ቃል ነው ብዬ ያሳደግኋትም እኔው ነኝ። ረቡዕን፣ ሐሙስን፣ ዓርብን ተሳፋሪ ሳመላልስ ዋልኩ። አንድ ሰውዬ «ደህና ነህ?» ቢለኝ «ፋይን» አልኩት። ያን ጊዜ ቃሏ ምን እንደሚደብቅ ገባኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ሥራ ልገባ ወደ ጋራዥ ስወርድ ማዳበሪያው ቆሟል።

ያው ራሱ ነው፤ የሣልኩት ክብ አለበት፣ ቅዱ በመርፌ ተሰፍቷል። ሞልቷልም። አስተሳሰሩ ግን ያሳዝናል፤ ፕላስተሩ ተጣሟል፣ በአንድ ጎኑ ሆዱን ነፍቷል። ከአፉ ደግሞ የጥንቸል ጆሮ ያለው ሮዝ ጨርቅ ብቅ ብሏል። ሔቨን ገና ኪንደርጋርተን ስትገባ የገዛሁላት ጃኬት ነው፤ እንዲበረክት ብዬ በሁለት ቁጥር ያስበለጥኩት፣ እጅጌው መሬት እየነካ ሦስት ክረምት የለበሰችው።

ሔቨን ክሮስቦውን በትከሻዋ አንግታ ከኋላዬ መጣች።

«ሴም ከረጢት፣ ሴም ክብ» አለች። «ስለዚህ አልሞተም። ዲሉ አለ።»

«በምን ሞላሽው?»

«በልብሶቼ። ኮሌጅ ስሄድ የማልወስዳቸው።»

ሌላ ነገር ብናገር አለቅስ ነበርና ማዳበሪያውን ሚዛን ላይ አወጣሁት። «አሥራ ስድስት ኪሎ ነው» አልኩ። «ሰባት ይጎድለዋል። ይላላል።»

«አውቃለሁ» አለች። «አስተሳሰር ያንተ ሥራ ነው።»

ይህን ጊዜ በሩ ተከፈተና ብርቅነሽ የተበሳሳውን ብርድ ልብስና ጃኬቶቹን ተሸክማ መጥታ እግሬ ሥር ዘረገፈችው። «ይኸው! ከእንግዲህ ሌላ ነገር ብትነኩ ዒላማው እናንተ ትሆናላችሁ!» ብላ ገባች፤ በሩን ስትዘጋ ግን ስትስቅ ሰምቻታለሁ።

ፈታሁት። ሔቨን አፉን ይዛልኝ እኔ በጉልበቴ እየተጫንኩ ጠቀጠቅሁ። ሮዟ ጃኬት ላይ ስደርስ እጄ እምቢ አለ። አወጣኋትና ጀርባዬን ሰጥቼ፣ የለበስኩትን ጃኬት አውልቄ በእሷ ቦታ ጠቀጠቅሁት። ያላየችኝ መስሎኝ ነበር።

«ሔቨን» አልኳት ፕላስተሩን እየሳብኩ። «ያን ዕለት አልነገርኩሽም። እኔም እፈራለሁ። ስትሄጂ።»

ሮዟን ጃኬት ከብብቴ መዛ አቧራዋን አራገፈችና መኪናው ውስጥ ከፊት፣ እኔ ከምቀመጥበት ጎን አኖረቻት።

«ስመጣም እንተኩሳለን» አለች። «በየእረፍቱ። ይሄ ነገር እንደሆነ አይሞትም።»

ማዳበሪያውን ሚዛን ላይ አወጣነው። ሃያ ሦስት ኪሎ።

«እንዴት ነው?» አልኳት።

«ፋይን» አለች ልጄ እየሳቀች፤ መኪና ውስጥ ገብታም ጥሩምባውን ነፋችው።