በጋኑ አንገት ላይ ያለው ምልክት

ዶሚቲላ ዮቬራ አንዴ እምቢ ካለች እምቢ ናት። የሲምቢላ መንደር ሸክላ ሠሪ ሁሉ ይህን ያውቃል። የከተማው ሙዚየም የጥንት ሸክላ እንዲያዩ ጠርቷቸው ሲሄዱ፣ የማኅበራቸው ሊቀመንበር ኔፕታሊ ገና ሚኒባሱ ውስጥ ጀመራት።

«እትዬ ዶሚቲላ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ልለምንሽ። የሊማ ነጋዴዎች አንገቱ ንጹሕ የሆነ ጋን ነው የሚፈልጉት። አንቺ አንገቱ ላይ የምታደርጊው ጭረት እንከን ይመስላቸዋል። ካልተውሽው ከትዕዛዙ ትወጫለሽ።»

«ልውጣ! የእናቴ ምልክት ነው። አንተን ስምህን ተው ቢሉህ ትተዋለህ?»

«አይ አንቺ! በቅሎ ትሻላለች።»

«በቅሎም ብሆን የማንም ጭነት አልሸከምም።»

ሙዚየሙ ውስጥ ጥቋቁር ጋኖች ከመስታወት ኋላ ተደርድረዋል። አስጎብኚዋ ልጅ አንዱን አሳየቻቸው።

«ይህ ስድስት መቶ ዓመት ሆኖታል። አንገቱ ላይ ያለው ምልክት ትርጉሙ አይታወቅም፤ የአምልኮ ሳይሆን አይቀርም።»

ዶሚቲላ አፍንጫዋ መስታወቱን እስኪነካ ተጠጋች። ጭቃው ሳይደርቅ በጥፍር የተጫኑ ሁለት ጭረቶች፣ መሃላቸው ነጥብ። ሳቋ አመለጣት።

«የምን አምልኮ ልጄ! የባለቤቱ ነው እንጂ። እኛ ሸክላ የምንተኩሰው ሦስት አራት ቤት ሆነን በአንድ ክምር ነው። እሳቱ ሲበርድ ጋኑ ሁሉ መንታ ይመስላል። ምልክት ባይኖር ፀጉር ለፀጉር ነበር የምንናጨው።»

«እውነቷን ነው!» አሉ አብረዋት የመጡት ሴቶች። «ይሄ እንደውም የኛ ዘር ሥራ ነው!» አለች አንዷ።

«ሂጂ ወዲያ! ያንቺ ዘር መቼ እንዲህ ያለ አንገት አወጣ?» አለቻት ሌላዋ።

ልጅቷ ደብተሯን አውጥታ፣ «እባክዎ ቀስ ብለው ይንገሩኝ፤ ስምዎን ጨምረው» አለቻት። ዶሚቲላ ቀጥ ብላ ቆመች። ፊደል በቅጡ ያልቆጠረች ሴት፣ የተማረች ልጅ ቃሏን ስትጽፍላት! የዚያን ጋን ባለቤትም በልቧ «አበጀህ» አለችው፤ እሱንም ምልክትህን ተው ሳይሉት አልቀሩም።

ዘወር ስትል ኔፕታሊ ብቻውን አጎንብሶ ከጋን አንገት ወደ ጋን አንገት ይዞራል።

«ምን ጠፋህ?»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የአባቴ ምልክት እንዴት ነበር? ከተውኩት ሃያ ዓመቴ።»

የምትሰድበው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው። መስታወቱ ላይ እፍ አለችና በጥፍሯ ሦስት ነጥብ፣ ከሥራቸው ቅስት ሣለች። «ቅስቱን ጠለቅ ያደርገው ነበር፤ ጥፍሩ ረጅም ነበር አባትህ።»

የትንፋሿ ጭጋግ ከመስታወቱ ላይ እስኪጠፋ ኔፕታሊ ሥዕሉን አየው። «የሊማን ሰዎች ምን ልበላቸው ታዲያ?»

«ባለቤት የሌለው ዕቃ ካማራቸው ፕላስቲክ ይግዙ።»

ኔፕታሊ ሳቀ። ከዚያ መስታወቱን በእጅጌው ጠረገላትና፣ «እስቲ ድገሚልኝ» አላት።