ከዲሮ አፉን የከፈተ ለታ

«አባ፣ እጅህን አንሳና ሰፋ አድርገህ ክፈት» አለች ጁወይሪያ፣ መብራቱን ወደ አባቷ ፊት እያዞረች።

ከዲሮ ግን አፉን እንደሸፈነ ነው። ማለዳ ከሲሬ ተሳፍሮ የመጣው አሰላ፣ ልጁ በነርስነት ወደምትሠራበት የጥርስ ክሊኒክ ነው። አንገቱ በግራ በኩል አብጧል።

«አንቺ ውጪ» አላት ቀስ ብሎ። «ዶክተሯ ብቻ ትየኝ።»

«ሥራዬ እኮ ነው አባ።»

ዶክተር ትንቢት እጁን ይዛ ዝቅ አደረገችለት። «አይዞዎት አባባ። እዚህ የማናየው አፍ የለም።»

ከፈተ። ጁወይሪያ መጀመሪያ ያየችው ጥርሶቹን ነው። ንጹሕ ናቸው፤ ድዱ እስኪላጥ ተቦርሸዋል። ዶክተሯ ምላሱን በንጹሕ ጨርቅ ይዛ ወደ ጎን ስትስበው ግን ከሥሩ ዳሩ የጠጠረ፣ መሐሉ የጎደጎደ ቁስል ታየ። ጁወይሪያ መብራቱን ይበልጥ አስጠጋች።

«ይሄ ቁስል ከጀመረዎት ስንት ጊዜ ሆነው?»

«ከዒድ በፊት ነው፤ ስድስት ወር አለፈው» አለ ከዲሮ። «አፌን ስለማላጸዳ መስሎኝ…»

ጁወይሪያ ዒዱን አስታወሰች። ቤቱ በእንግዳ ተሞልቶ ሳለ አባቷ ሊስማት ጎንበስ ሲል ፊቷን አዙራ፣ «አባ፣ አፍህ ይሸታል እኮ! ጥርስህን አትቦርሽም እንዴ? ሰው እኔን ምን ይለኛል?» ብላው ነበር። እንግዳው ሳቀ። እሱም አብሮ ሳቀ። በማግስቱ ብሩሽና የጥርስ ሳሙና ገዝታ ሰጥታው ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ በደወለች ቁጥር «ጠዋት ማታ እቦርሻለሁ» ይላታል። ደም እንደሚተፋ፣ እንጀራ መዋጥ እንዳቃተው አልነገራትም። በየትምህርት ቤቱ እየዞረች «የማይድን የአፍ ቁስል ያለው ሰው ቶሎ ይታይ» ብላ የምታስተምረው ጁወይሪያም አባቷን አንድ ቀን አልጠየቀችውም።

ዶክተሯ ወደ ኮሪደሩ ወሰደቻት።

«ነገውኑ አዲስ አበባ ሄደው ለካንሰር ምርመራ ናሙና ይወሰድላቸው። ግን አንቺም አይተሽዋል። አንገታቸው ድረስ ወርዷል።»

«በዒዱ ጊዜ አምጥቼው ቢሆን ኖሮስ?»

ዶክተር ትንቢት ትከሻዋን ያዝ አደረገቻትና የሪፈር ወረቀቱን ልትጽፍ ገባች።

ስትመለስ ከዲሮ ከወንበሩ ወርዶ ጫማውን ያስራል። ቀና ሳይል፣ «ቆሽሾ ነው አይደል? በደንብ አልቦረሽኩት ይሆናል» አላት።

«አይደለም አባ። ጥርስህ ንጹሕ ነው። የሸተተኝ ቁስሉ ነበር። ያኔ አፍህን ከፍቼ ማየት ነበረብኝ። እኔ ግን አሳፈርኩህ።»

«ተይ። ልጅ አባቷን ንጹሕ ሁን ብትል ምን ነውር አለው?»

ምሳ ሰዓት ላይ ወደ ተከራየችው ክፍል ወሰደችው። አጥሚት ሠርታ ሁለት ኩባያ አቀረበችና መጀመሪያ ለእሱ ቀድታ ሰጠችው። ከዲሮ ፊቱን ወደ ግድግዳው መልሶ፣ እየተሠቃየ ሁለት ጊዜ ተጎነጨ።

«ለአንቺ በሌላ ቅጂ» አለ አፉን በመዳፉ ከልሎ። «ራቅ ብለሽም ተቀመጪ፤ ይሸትሻል።»

ጁወይሪያ ባዶውን ኩባያ ወደ መደርደሪያው መለሰችው። አልጋው ላይ ከጎኑ ተጠግታ ተቀመጠች። የያዘውን ኩባያ ከእጁ ተቀበለችው፤ እሱ በጠጣበት በኩል ተጎነጨችና መልሳ ሰጠችው።