ባዶው ቁራጭ

ስላቪጻ ስልኳ ሲጮህ ቢሮው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዓይኑን የወንዞች ከፍታ በሚታይበት ስክሪን ላይ ተክሎ ነበር። የደወለው አጎቷ ራድሚሎ ነው፣ ከዶብራቫ መንደር።

«አንቺ ልጅ፣ ውሃው ፕሪም ዛፎቼ ጋ ደርሷል! የማስጠንቀቂያ ሳይረናችሁ ምን ነካው?»

ስላቪጻ ቀና አለች። ከዶብራቫ በላይ ያለው የብሬዝኒጻ ወንዝ መለኪያ አረንጓዴ ነው።

«እዚህ ደህና ነው የሚለው፣ አጎቴ።»

«ደህና? እኔ እስከ ጉልበቴ ውሃ ውስጥ ቆሜ?»

መስመሩ ተቋረጠ። ስክሪኑን ደግማ አየችው። ያን ሁሉ ዝናብ እየጠጣ ወንዙ ከጠዋት ጀምሮ አንዲት ሴንቲሜትር እንኳ ፈቀቅ አላለም።

የጎርፍ ማስጠንቀቂያውን ፕሮግራም የጻፈችው እሷ ናት። እያንዳንዱ መለኪያ ቁጥሩን የሚልከው በአድራሻ ነው፤ መጀመሪያ የወንዙ ስም፣ ቀጥሎ የመንደሩ፣ በየመሃሉ ስላሽ የሚባለው ያዘመመ መስመር። ፕሮግራሙ አድራሻውን በስላሹ ላይ ይቆርጥና በየቁራጩ እየተመራ እንደ ዛፍ በተሠራ ማውጫ ላይ ከግንድ ወደ ቅርንጫፍ ይወጣል። ቅርንጫፍ ካጣ መልእክቱን ይጥለዋል።

የተጣሉትን አድራሻዎች ከፈተች። ዶብራቫ፣ ዶብራቫ፣ ዶብራቫ። ቁጥሮቹ ግን አብረው ጠፍተዋል።

«ቦዥዳር፣ ና እየው!» ብላ አለቃዋን ጠራች። «ስክሪኑ የሚያሳየው የአሮጌውን መለኪያ የመጨረሻ ቁጥር ነው፤ ዛሬ ጠዋት በምትኩ የተተከለው ከወንዙ ስም ቀጥሎ ሁለት ስላሽ ነው የሚልከው። በሁለቱ መሃል ባዶ ቁራጭ ይወጣል። ባዶ የሚባል ቅርንጫፍ ደግሞ የለንም። አጎቴ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ነው፤ ሳይረኑን በእጅ እናስጩኸው!»

«በአንድ ሽማግሌ ቃል? አምና በከንቱ አስጩኸን ሰዉ ሊቀጠቅጠን ነበር። ቁጥር አምጪልኝ።»

«እሺ፣ ኮዱን ላስተካክል።»

«ብታበላሺው የሌሎቹንም ወንዞች እናጣለን። መጀመሪያ በሙከራው ማሽን!»

ባዶ ቁራጭ ሁሉ እንዲዘለል አድርጋ ሞከረችው። የዶብራቫ ብቻ ሳይሆን የሌሎቹም መለኪያዎች ድርግም ብለው ጠፉ።

«አላልኩሽም?» አለ ቦዥዳር ከጀርባዋ።

ኮዱን ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ለካ አድራሻዎቹ ሁሉ የሚጀምሩት በስላሽ ነው፤ ከእሱ በፊት የሚወጣውን ባዶ ለማስወገድ ድሮ የመጀመሪያውን ቁራጭ በጭፍን የሚጥል መስመር ጽፋ ነበር። አሁን ባዶው ቀድሞ ስለተዘለለ መስመሩ የሚጥለው የወንዙን ስም ነው። ሰረዘችው። እንደገና ሞከረች። ሁሉም ቅርንጫፋቸውን አገኙ።

«ወደ ዋናው ማሽን ልልቀቀው?»

ቦዥዳር ላቡን ጠረገ። «ልቀቂው።»

የዶብራቫ ቁጥር ተስፈንጥሮ ቀይ ሆነ። ቦዥዳር ወንበሩን ገልብጦ ሮጠና የሳይረኑን ቁልፍ ራሱ ተጫነው። ስላቪጻ አጎቷ ጋ ደጋግማ ደወለች፤ አያነሳም።

ከሰዓት በኋላ ራድሚሎ ራሱ ኮረብታው ላይ ካለው ትምህርት ቤት ደወለላት። የመንደሩ ሰው ሁሉ ወጥቷል።

«አሳማዎቼን ግን ውሃው ወሰዳቸው» አለ፤ ድምፁ ተሰብሯል። «ስደውልልሽ ብታስጮሁት ኖሮ እፈታቸው ነበር።»

ስላቪጻ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች የተጣሉትን የዶብራቫ አድራሻዎች ከፈተችና አጎቷ መጀመሪያ ከደወለበት ሰዓት ጀምሮ ያሉትን አንድ በአንድ ቆጠረች።