ሚልክያስ ያልለበሰው ጋዋን

«ፎቶውን ከፍ አድርጉት! ከኋላ ላለው ለቀስተኛ አይታይም» አሉ ጋሽ ደገፉ ከድንኳኑ ደጃፍ ቆመው።

ኢየሩሳሌም ቀና ብላ ስታይ አንገሸገሻት። ሟቹ ወንድሟ ሚልክያስ ፎቶው ላይ ጥቁር ጋዋን ለብሷል፤ ቆብም ደፍቷል። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም! ኮሌጁን አቋርጦ የወጣ ልጅ ከተቀበረ በኋላ ተመረቀ። አጎቷ ጋሽ ደገፉ ፎቶ ቤት ሄደው የሰው ጋዋን አስለጥፈውለት ነው። ጎረቤታቸው አባይነሽም እውነቱን እያወቀች «ዲግሪህን ለማን ትተህ!» እያለች ደረቷን ትደቃለች።

«ለምን ጋሼ?» አለች ኢየሩሳሌም በሹክሹክታ።

«ታዲያ ምን ይዘን እናልቅስ? ዱሮ የጀግና ጦርና ጋሻው ለቅሶ ላይ ይወጣ ነበር። የእሱ ምን አለ? ጌም! ከቤተ ክርስቲያንም፣ ከጉኑኖ ከተማም ድረስ ሰው መጥቷል። አታዋርጂን።»

እናቷ አስካለች ፍራሹ ላይ ዝም ብላ ተቀምጣለች። ይህ ዝምታ ኢየሩሳሌምን ከፎቶው የባሰ አስመረራት። እናቱም ካፈረችበት ማን ሊያለቅስለት ነው?

ሚልክያስ በግቢያቸው የመንገድ ዳር ክፍል ጌም ቤት ነበረው። ባጃጅ ገጭቶ ሊገድለው ሰሞን አዲስ ግራፊክስ ካርድ አስመጣ፤ የኮምፒውተሩን ምስል የሚያጠራው ዕቃ ነው። «ከመካከለኞቹ ነው እማ፤ ውዱንማ ማን ይችለዋል!» እያለ ገጠመና እናቱን አስቀምጦ ጌም ከፈተላት። ስክሪኑ ላይ ዝናብ ወረደ፤ ጠብታው ቅጠል ላይ ሲንከባለል ሳይቀር ይታያል። አስካለች ተበላ በምትባል ዝናብ በሚያጥርባት ከተማ ያደገች ናት፤ ድርቅን ታውቃለች።

«ይኼ ዝናብ እኛ አገር ቢዘንብ ምን ነበረበት!» ስትል ሚልክያስ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲያ ከገበያ በተመለሰች ቁጥር «ዝናቡን ክፈትልኝ» ትለው ነበር።

ኢየሩሳሌም ተነሥታ ጌም ቤቱ ገባች። እሱ ሲያደርግ እንዳየችው ብሎኖቹን ፈትታ ካርዱን አወጣችና በሁለት እጇ ከራሷ በላይ ይዛ ለቅሶው መሐል ቆመች።

«ወንድሜ! የራስህን ይዤልህ መጣሁ!»

ለቀስተኛው አጉረመረመ። «አስገቢው! ይቺ ልጅ አብዳለች!» ጋሽ ደገፉ ጮኹ።

አስካለች ከፍራሹ ተነሣች። ፎቶውን ከያዙት ሰዎች ተቀብላ ለወንድሟ ለጋሽ ደገፉ አስታቀፈቻቸው።

«ይኼን ልጅ አላውቀውም» አለች።

ከዚያ ካርዱን ከልጇ ወሰደች። አቧራውን ልትጠርግ የነጠላዋን ጫፍ ስትሰበስብ፣ የሚያብለጨልጨው ጥቁር ገላው ላይ የሚልክያስ ሰፊ አውራ ጣት አሻራ ታትሞ አየች። ነጠላዋን ለቀቀች፤ ካርዱንም ጣቷ አሻራውን እንዳይነካው ጠርዝ ጠርዙን ያዘችው።