ሁለት ጣት ቢጫ ጨርቅ

ሰፈሩ «መርፌ» ይለኛል። ለሙያዬ ይሁን ለምላሴ ጠይቄ አላውቅም፤ መልሱን ስለማውቀው ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ልብስ ሰፍቻለሁ፣ ሰውም ወግቻለሁ። ይህን ታሪክ ሌላ ሰው ቢያወራው «ምስኪን፣ ለደግ ብላ ነው» ብሎ ያልፈኝ ነበር። እኔ ግን ገና ከመነሻው ልናገር፦ አንዲት የሰው ልጅ ከትምህርት ቤት አስቀርቻለሁ፣ ያስቀረኋትም በፍቅር ነው።

የመጨረሻ ልጄ ሁለተኛ ደረጃ የገባች ዓመት የወላጅ ኮሚቴ ውስጥ ገባሁ። ማንም አልለመነኝም፤ እጄን ያወጣሁት ራሴ ነኝ። ሦስት ነበርን፤ እኔ፣ ጡረታ የወጣች ነርስ፣ እና ከትምህርት ቤቱ ማዶ ሱቅ ያለው ፀጉር አስተካካይ። አምና አንድ አዲስ ተማሪ ከውሃ ታንከሩ ጀርባ ብቻውን ምሳውን ሲበላ ከርሞ ማንም አላየውም ነበር። ነርሷ ይህን በስብሰባ ስትናገር አለቀስኩ። ሁለት ሺህ ልጅ በሚርመሰመስበት ግቢ አንድ ልጅ እንዴት ሰው ያጣል? አይሆንም አልኩ፤ እኔ እያለሁማ አይሆንም።

ዘዴውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ከሌላ ከተማ ተዛውሮ አዲስ በሚገባ ልጅ ሁሉ ሸሚዝ ላይ፣ ኮሌታው በግራ በኩል፣ ሁለት ጣት የምታህል ቢጫ ጨርቅ ትሰፋለች። ያቺን ያየ ተማሪ «እንኳን ደህና መጣህ»፣ «እንኳን ደህና መጣሽ» ይላል፣ ስም ይጠይቃል፣ አብሮ ይቀመጣል። ዓመቱ እስኪያልቅ አትነሳም። ርዕሰ መምህሩ በሰልፍ ላይ አስነገሩልን፣ ተጨበጨበልን።

ፀጉር አስተካካዩ ብቻ አገጩን ሲያክ ቆየና «በመርፌ ቁልፍ ብትያዝ አይሻልም? ልጁ ሲበቃው ያወልቃታል» አለ።

«አንተ ደግሞ! ፀጉር ተቆርጦ ስለሚጣል ሁሉ ነገር የሚጣል ይመስልሃል» አልኩት። «በመርፌ ቁልፍ የተያዘ ነገር እንግዳ ነው። የተሰፋ ግን የልብሱ ነው!»

ነርሷ ሳቀች። እሱም «በቃ፣ ያንቺን አፍ ማን ይችለዋል» ብሎ እጁን አነሳ። ምነው ያን ቀን ምላሴን በያዘው!

ልጅቷ የመጣችው በሁለተኛው ወር ነው። አባቷ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ባዛወረው ቁጥር ቤቱን ጠቅልሎ ይሄዳል። በሦስት ዓመት ውስጥ አራተኛ ትምህርት ቤቷ ነበር። እናቷ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆኗታል፣ አንዲት ታናሽ እህት አለቻት። ሾፌሩ ቆቡን በእጁ እያሽከረከረ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመና፣ «እትዬ፣ ይቺ ልጅ ትምህርት ትወዳለች። ያጣችው ተረጋግቶ መቀመጥ ብቻ ነው። አሁንም ካቋረጠች ግን የምትመለስ አይመስለኝም። አደራዎን» አለኝ።

«ወንድሜ፣ አይስጉ። ከዛሬ ጀምሮ ልጄ ናት» አልኩት። አደራ ቀላል መስሎኝ።

ቢጫዋን እዚያው በሩ ላይ ሰፋሁላት፣ ሸሚዙን ሳታወልቅ፣ በድርብ ክር። ክሩን በጥርሴ ስበጥስ ፊቴ አንገቷ ሥር ገባ፣ ልጅቷም ዓይኗን ጨፈነች። ወግቻት ይሆን ብዬ ደነገጥኩ። «አመመሽ እንዴ?» ስላት የለም ስትል ራሷን ነቀነቀች። «ይቺ ማለት የኛ ነሽ ማለት ናት» አልኳት፣ «እሺ እትዬ» አለችኝ።

በየጠዋቱ ሲገቡ፣ ከሰዓትም ሲወጡ ሦስታችን በሩ ላይ እንቆማለን። ልጅቷ ስታልፍ አንገቷን ዘንበል ታደርግልኛለች፣ እኔም ኮሌታዋን አስተካክልላታለሁ። ገና ግቢውን ሳታጋምስ ደረጃው ላይ የተቀመጡት ልጆች በአንድ ድምፅ «እንኳን ደህና መጣሽ!» ይሏታል። ሰላሳ አርባ ልጅ፣ እኩል አንስተው እኩል ይጥሉታል። በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ አይደለም፤ በሦስተኛው ወርም፣ በአራተኛውም። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ዓይኔን በሻርፔ ጫፍ እጠርጋለሁ። «ሰማሽ? ሰማሽልኝ?» እላታለሁ ነርሷን። ጅል! አራት ወር አብሮ የከረመን ሰው በየቀኑ እንኳን ደህና መጣሽ የሚለው ማን ነው? የኛ አይደለሽም እያሏት ነበር። ይህን ለማወቅ መማር አያስፈልግም፤ እኔ ግን የምሰማው የፈለግሁትን ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከልጄ ጋር ልብስ ስናጣጥፍ፣ «እማ፣ ያቺን ጨርቅ ለአዲሶቹ አንሺላቸው። ይስቁባቸዋል» አለችኝ።

«ማነው የሚስቀው?»

«ሁሉም። 'ዋጋሽ ስንት ነው፣ ተለጥፎብሻል' ይሏቸዋል።»

«ቅናት ነው» አልኳት። «ላንቺ ስላልተሰፋልሽ ነው።»

ልጄ አየት አደረገችኝና ማጣጠፏን ቀጠለች። ዳግም አላነሳችውም።

በአምስተኛው ወር የደረጃው ጩኸት ቀነሰ። ልጅቷ ከበሩ ስታልፍ ደብተሯን አንገቷ ድረስ ከፍ አድርጋ አቅፋ፣ ቶሎ ቶሎ ተራምዳ በመጸዳጃው በኩል ትታጠፋለች። «አየሽ፣ ተላመዱ» አልኳት ለነርሷ። የደብተሩንም ነገር ለትምህርት ካላት ፍቅር ቆጠርኩት።

ከዚያ ማርፈድ ጀመረች። ነገሩ ግራ ያጋባ ነበር፤ ከበሩ በሰዓቱ ትገባለች፣ ክፍል የምትደርሰው ግን ከደወሉ ሩብ ሰዓት አልፎ ነው። ከሰዓትም የምትወጣው ከሁሉ ኋላ ነው። ምክትል ርዕሰ መምህሩ አስጠሩኝና መዝገቡን አሳዩኝ። አስራ ስምንት ቀን። «ሃያ ከሞላ ወላጅ ሳታመጣ አትገባም፤ ደንብ ነው። እርስዎ ይቀርቧታል፣ እስቲ ይምከሯት» አሉኝ።

መከርኳት! ከሰዓት በሩ ላይ ጠብቄ ያዝኳት። «መጸዳጃ ቤት ነው የምትቀመጪው ይላሉ። ምንድን ነው? መስታወት ነው? አባትሽ በየበረሃው ጎማ እየፈታ ያስተምርሻል፣ አንቺ ፀጉርሽን ታበጥሪያለሽ? እኔ ልጄ ናት ብዬ ደረቴን ነፍቼ ስናገር ታሳፍሪኛለሽ?» ነርሷ «ኧረ ተያት» እያለች ክንዴን ትጎትተኛለች፣ እኔ እቴ! ከጀመርኩ ማን ያቆመኛል። ልጅቷ መሬት መሬቱን እያየች፣ «ይቅርታ እትዬ፤ እፈጥናለሁ» አለች። ምኑን ነው የምትፈጥነው ብዬ አልጠየቅኋትም። እንዲያ ተሰድባም ኮሌታዋን እንዳስተካክልላት እንደ ልማዷ አንገቷን ዘንበል አደረገችልኝ።

ሃያው ሞላ። አባቷ መንገድ ላይ ነበር። ወላጅ አምጪ ተብላ ወጣች፣ በዚያው ቀረች። ምክትሉ ይህን ሲነግሩኝ ቤቷ ሄጄ በሯን ማንኳኳት ነበር የሚገባኝ። እኔ ግን አኮረፍኩ። አዎ፣ በልጅ አኮረፍኩ። «እናት ሆኜላት፣ ምክሬን ጥላ፣ ደህና ዋዪ እንኳ ሳትለኝ! ራሷ ትምጣ» ብዬ የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀመጥኩ። ሦስት ሳምንት ተቀመጥኩ። ፈተናው በዚያ መሃል አለፈ።

ሾፌሩ ሱቄ የመጣው ከጉዞው በተመለሰ በሳምንቱ ነው። የልጅቷን ሸሚዝ አጥቦ ተኩሶ በጋዜጣ ጠቅልሎታል።

«እትዬ፣ ይቺን ለታናሿ ያጥብቡልኝ። በሚመጣው ዓመት እሷም ትገባለች። ቢጫዋን ግን ይፍቱልኝ።»

«ትልቋስ ምን ልትለብስ ነው?»

«ትልቋማ በቃኝ አለች።» ቆቡን ማሽከርከር ጀመረ። «ለመንኳት፣ ተቆጣኋት። ያንን በር ዳግመኛ አልረግጥም ብላለች።»

ምላጬን አንስቼ ኮሌታውን ገለበጥኩ። ስፌቱ የእኔ አይደለም። ከላይ ሲያዩት የእኔን ይመስላል፤ ለዚህ ነው በየጠዋቱ ስነካው ያላወቅሁት። ከውስጥ ግን ክሩ ነጠላ ነው፣ ቋጠሮውም ሌላ ነው። ሸሚዙን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አደረግሁት። በቢጫዋ ዙሪያ ጨርቁ ወንፊት ሆኗል። የመርፌ ቀዳዳ በመርፌ ቀዳዳ ላይ። አንዴ የተተረተረ ስፌት ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፤ ሁለቴ ሦስቴ የተተረተረም አውቃለሁ። እንዲህ ያለ ግን አይቼ አላውቅም።

«ይህን ማን ነው የሰፋው?»

«እሷው ነቻ» አለ ሾፌሩ፣ ፊቱ ትንሽ በራ። «መርፌና ክር ግዛልኝ ስትለኝ እርስዎ ሙያ እያስተማሯት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።» ከዚያ ፊቴን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በቀደም ነው የነገረችኝ። ጠዋት ከእናንተ አልፋ መጸዳጃ ቤት ትገባና በምላጭ ትተረትራታለች፤ ልጆቹ እንዳያዩባት። ሸሚዟ አንድ ስለሆነ እንዳይቀደድባት ክሩን አንድ በአንድ ነው የምታወጣው። ከሰዓት ከመውጣቷ በፊት ደግሞ መልሳ ትሰፋታለች።»

«ለምን ትመልሳታለች? ለምን አልጣለቻትም?» ጮህኩበት መሰለኝ።

ሾፌሩ ወለሉን አየ። «ለእርስዎ ብላ ነው። 'አባዬ፣ እትዬ በሩ ላይ ሲያዩዋት በጣም ደስ ይላቸዋል፤ እንዳይከፋቸው' አለችኝ። እናቷም ክር በጥርሷ ነበር የምትበጥሰው።»

ወይኔ! ወይኔ ልጄ! ወንበሩ ላይ ዘጭ ብዬ ሸሚዙን ፊቴ ላይ ደፍቼ አለቀስኩ፤ ሰውየው የሚገባበት ጠፍቶት ውሃ ሊፈልግ ወጣ። በመርፌ ቁልፍ ቢሆን ኖሮ ከፍታ ኪሷ መክተት ነበር። ትንፋሽ የማይሞላ ሥራ። ሩብ ሰዓት አይወስድ፣ ሃያው አይሞላ። እኩላለሁ ብላ ዓይኗን አጠፋች ይባላል፤ እኔ ያጠፋሁት ደግሞ የሰው ዓይን ነው። ያን ዕለት ቤት ስገባ ልጄን «ለምን አጥብቀሽ አልነገርሽኝም?» ብዬ ልቆጣት ጀመርኩ። ተውኩት።

ቤታቸው ሄድኩ። ልጅቷ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ የጎረቤት መጋረጃ ጠርዝ ትሰፋለች። እግሯ ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል ቀድማ ተነስታ ያዘችኝ። «ኧረ እትዬ፣ ምን ሆነዋል? እኔ እኮ አልተቀየምኩም።»

ብትቀየመኝ ይሻለኝ ነበር። ለመንኳት። ምክትሉን አነጋግሬ መዝገቡን አሰርዛለሁ አልኳት። በሚመጣው ዓመት እጅሽን ይዤ አስገባሻለሁ፣ ደረጃው ላይ የሚቀመጡትን አንድ በአንድ ጆሯቸውን እቆነጥጣለሁ አልኳት። በዚህኛው ፈገግ አለች።

«እርስዎ ሲቆነጥጡልኝ ልጆቹ ደግሞ ሌላ ስም ያወጡልኛል» አለች። «ይተዉት እትዬ» ልትለኝ ፈልጋ አፏ ውስጥ ያስቀረችው ይመስለኛል። መጋረጃውን አጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠችና፣ «ሱቅዎ ረዳት ይፈልጋል ሲሉ ሰምቻለሁ» አለችኝ።

በማግስቱ በሩ ላይ ምላጬን ይዤ ቆምኩ። ቢጫዋ የተሰፋችባቸው አስራ አንድ ልጆች ቀርተው ነበር። ተራ በተራ ፈታሁላቸው፤ አንዱም ለምን ብሎ አልጠየቀኝም። ፀጉር አስተካካዩም ከሱቁ በብርጭቆ ሻይ አምጥቶ አጠገቤ ድንጋዩ ላይ አስቀመጠልኝ።

አሁን ልጅቷ ከእኔ ትይዩ ትቀመጣለች። የትምህርት ቤቱ ደወል ሱቄ ድረስ ይሰማል። ጠዋት ሲደወል እጇ ቆም ይልና ይቀጥላል፤ ከሰዓት ልጆቹ ሲያልፉ ደግሞ ወንበሯን አዙራ ጀርባዋን ለመንገዱ ትሰጣለች። የመመዝገቢያ ፎርሙ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ባወጣሁት ቁጥር «እሺ፣ ይቺን ልጨርስ» ትለኛለች፣ ሌላ ትጀምራለች። ያጠበብነውን ሸሚዝ ታናሿ ለብሳዋለች። ኮሌታውን በአዲስ ጨርቅ ቀየርኩት፤ አሮጌውን አልጣልኩትም።

ደንበኞች የልጅቷን ሥራ ገልብጠው ያዩና ይደነቃሉ። ስፌቷ ከላይ አይታይም፣ ስትተረትርም አንዲት ክር አታበላሽም።

«ኧረ እጇ ይባረክ! ገና ልጅ አይደለች እንዴ? ማነው እንዲህ ያስተማራት?» ይሉኛል።

«እኔ ነኝ» እላለሁ።

እሷም ጎንበስ ብላ ክሩን በጥርሷ ትበጥሳለች።